የሻንሲው ሆድ

ግንቦት 4 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ከጧቱ 3 ሰዓት

መዶሻ፣ መሮ፣ የብረት ብሩሽ። ዝገት መፋቅ ከጀመርሁ ሦስተኛ ቀን። አሮጌዋ ላንድሮቨሬ በአራት ጉቶ ላይ ቆማለች፤ እኔ ከሥሯ ተጋድሜአለሁ። በያጁ ሰይድ ከሰፈሩ ከአብነት መጣ። መኪናዋን የተሸከመውን ብረት፣ ሻንሲውን፣ አንኳኳ። ደኅና ብረት ይጮኻል፤ ይህ አጉረመረመ። «ጋሼ፣ ይሄ ሻንሲ ሞቷል» አለ። ብረት ይዝጋል እንጂ አይሞትም ብዬ አረምሁት። «እሺ፣ አልሞተም፤ ነፍሱ ግን የለችም» ብሎ ሳቀ። አልወደድሁለትም።

ከቀኑ 9 ሰዓት

እርሱ ከሄደ በኋላ ሻንሲውን በሙሉ ኃይሌ መታሁት። ጥቁሩ ቀለም እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጠቀ፤ መዶሻው እስከ አንገቱ ሰጠመ። ዝገቱ ዓይኔና አፌ ውስጥ ገባ። ከውጭ ያብረቀርቃል፤ ውስጡ ዱቄት! የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሳለሁ ገደል ለገደል የተሸከመችኝ መኪና! አምና የበየዳት ሰይድ ነው። ደብቆብኛል።

ግንቦት 5፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ማስታወሻዬ ሆይ፣ የፊደሌን መዛነፍ ታገሠኝ። ሰይድን አስጠርቼ ሌባ አልሁት። «እኔ የነካሁት የፊቱን ጫፍ ነው፣ ጋሼ። ይሄኛውን የበላው ውኃ ነው፤ መውጫ ያጣ ውኃ» አለ። አባቱን ጨምሬ ሰደብሁት። አባቴን ይተዉልኝ ብሎ ዕቃውን ሊሰበስብ ጎንበስ አለ። መዶሻውን ወረወርሁ። ቀኝ አንጓው ላይ። እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። አንጓውን ይዞ ቁጭ አለ። ደሙ በጠጠሩ ላይ ተንጠባጠበ። ባለቤቴ አስካለ ነጠላዋን ቀድዳ አሰረችለት፤ ይዛው ወደ ሐኪም ሄደች። ቁጣዬ ግን አልበረደም። እውነት ነውና ጻፍሁት።

ግንቦት 6፣ ከጧቱ 4 ሰዓት

አጥንቱ ተሰብሯል። ቀኝ እጅ፤ የበያጅ እጅ። አስካለ፣ የሰው እንጀራ ነው የሰበሩት አለችኝ።

ከሥር ገብቼ ሻንሲውን እንደ ጠላት ደበደብሁት። መሮው ሆዱን ዘረጠጠው። ጥቁር ጭቃ ደረቴ ላይ ፈሰሰ፤ ከጭቃው ጋር አራት ሽብልቆች ወደቁ። የወይራ እንጨት፣ በሬንጅ የተለወሱ። አወቅኋቸው። ከዓመታት በፊት፣ ክረምት ሲቃረብ፣ ጎርፍ እንዳይገባ ብዬ በሻንሲው ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች ሁሉ ራሴ በጠረብኋቸው በእነዚህ ደፈንሁ። ቀዳዳዎቹ የውኃው መውጫ ነበሩ። ከላይ የገባው ታፍኖ ቀረ። ሰይድ የነገረኝ ይህንኑ ነው።

ሽብልቆቹን አንድ በአንድ በመዶሻ አደቀቅኋቸው። አልቀለለኝም።

ግንቦት 8፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ሰይድ ፖሊስ ዘንድ አልሄደም። አብሬአቸው ስንት ጠብ ያስታረቅሁ የሰፈር ሽማግሌዎች መጡ። መዶሻው ከእጅዎ አምልጦ ነው እንበልና እናስታርቃችሁ አሉኝ። ለክብሬ አስበው ነው። አመስግኜ ሸኘኋቸው።

ነገ እንደ በደለኛ ወግ ድንጋይ በአንገቴ ተሸክሜ አብነት እሄዳለሁ። በታክሲ አይደለም፤ በእግሬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መምህር ሳለሁ ያስተማርኋቸው ልጆች እያዩኝ። ከደጃፉ ተደፍቼ፣ መዶሻው አላመለጠኝም፣ ወርውሬብሃለሁ፤ ሻንሲውንም ያበሰበስሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ቢረግጠኝ ይርገጠኝ።

ከአጥሩ ሥር ሁለት ድንጋይ አለ። ትልቁን መርጫለሁ።