የስክሪኑ ቀለም

ልጄ ሄርሜላ፣ እመብርሃን ባለሽበት ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጣሪያውም ማፍሰሱን አቁሟል።

«የላክሽላትን የኮምፒውተር ስክሪን ፈርታ በጋቢ ሸፈነችው» ብለው ጎረቤቶች እንደነገሩሽ ሰማሁ። ፈርታ ያሉት ሐሰት ነው። ባለሱቋ ሙኒያ እንኳ «እማማ፣ ሰይጣን አዩበት እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ፣ እግሩን ገጥሜ፣ ገመዱን ሰክቼ፣ ከዓይኔ ትክክል ያቆምኩት እኔው ነኝ።

እሑድ በቪዲዮ ስትደውዪ የዓይንሽ ነጩ ቢጫ ሆኖ ታየኝ። የስክሪኑ ጥፋት መስሎኝ፣ አንቺ ስታወሪ እኔ ቀለሙን ሳስተካክል፣ ብርሃኑን ስቀንስ ቆየሁ። በኋላ ግን ከጀርባሽ የሰቀልሽውን የሽሮ ሜዳ ነጠላ አየሁት። እሱ ነጭ ነው። ነጠላው ነጭ ሆኖ ከታየ፣ የዓይንሽም ቢጫነት እውነት ነው። በትንሿ ስልክ ስንት ወር ደበቅሽኝ? የሸፈንኩት ያንን ፊትሽን ደግሜ ማየት አቅቶኝ ነው።

አልቆጣሽም፣ የኔ ልጅ። ሐኪሙ ያለሽን አንድም ቃል ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። ፈጣሪ ምሕረቱን ያፍጥንልሽ።

ነገ መጀመሪያ ቁስቋም ወጥቼ የክርስትና ስምሽን ለቄሱ እሰጣለሁ፤ በጸሎት ያስቡሽ። ከዚያ ወርጄ ለፓስፖርት ፎቶ እነሳለሁ።