በሳሙና የታጠበው ጋን

አርብ፣ ጥር 16 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ መቱ

ሆቴሌን ትርፍ ቤት ብሎ ከወረሰኝ ወዲህ የቀበሌው ሊቀመንበር ዛሬ ገና ደጄን ረገጠ። እሁድ ልጁን የሚድረው እኔና ሟች ባለቤቴ አስካለ በሠራነው አዳራሽ ነው። የሠርጉ ጠጅ ግን ተበላሽቶ ሳሙና ሳሙና ይላል። ጋኑን በኦሞ አሳጥቦት! በግራዋ ታሽቶ በወይራ እንደሚታጠን የማያውቅ ሰው ሆቴል ልምራ ይላል። ሲያጥቡት በአጥር አይቻለሁ። ዝም አልኩ፤ ደስም ብሎኛል።

«ማሎ ጋሼ፣ እንግዳው ፊት ከመዋረድ ያድኑኝ» ብሎ ለመነኝ።

ለባለቤቴ ሙት ዓመት የጣልኩት ጠጅ ጓዳዬ ደርሷል። ሸቶት ኖሮ ዓይኑ ወደዚያው ሄደ።

«እሱን ይስጡኝ።»

«ውሰድ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ግን ከመቀዳቱ በፊት ቁምና፣ ጠጁም አዳራሹም የእትዬ አስካለ ነው ብለህ ለሠርገኛው ተናገር።»

ፊቱ አመድ መሰለ። የአውራጃው ካድሬዎች ተጠርተዋላ! ወጥቶ ሄደ።

ለእሁድ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ያስብበት። እኔ አራት ዓመት ከመንፈቅ ጠብቄዋለሁ።