ያዳነው ወተቱ አይደለም

ማክሰኞ፣ ጠዋት
የሆስፒታሉን ሰርቪስ እየጠበቅኩ ነው የምጽፍልሽ፣ ማስታወሻዬ። ሰይድ በር አንኳኳ፤ የጎረቤቴ የእትዬ ዘሀራ ልጅ። ጌጣጌጥ ወርቅ በሚቀባበት ቅብ ቤት ይሠራል። ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል። ነርስ ስለሆንኩ ለሰፈሩ ነጻ ክሊኒክ ሆኛለሁ፤ ሰልችቶኛል። ወተት ጠጣ፣ ይጠርግልሃል አልኩት። ምን እንደሚነካ እንኳ አልጠየቅኩም። ጡሩምባው ተነፋ፣ ሮጥኩ።

ረቡዕ፣ ማታ
ሰይድን በባጃጅ ሆስፒታል አመጡት። ራሱን ስቷል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ዶ/ሩ ምን ነክቶት ነው አለ። እናቱ፣ ወተት ጠጥቶ ነው በደህና ከቤት የወጣው አሉ። እኔ ሥራውን አውቃለሁ። ትናንት በራፌ ላይ እንደቆመ ይታወቅብኛል ብዬ ፈራሁ። እሱ እየሞተ እኔ ለስሜ!

እትዬ ዘሀራ ዞረው ሲያዩኝ ነው የተናገርኩት። ወርቅ ቀቢ ነው፣ የመንከሪያው መርዝ ሳያናይድ ይሆናል አልኩ። የትናንቱን ዋጥኩት።

ሆ/ሉ ያለው ማርከሻ አንድ ጠርሙስ ብቻ። ዱቄቱን በሳላይን አሟሟሁት። አይናጥም፣ ቀስ አድርጎ ማገላበጥ ነው። በደም ሥሩ ለብቻው መስመር ከፈትኩለት። ቀይ ፈሳሽ፣ ጠብ ጠብ። ሳያልቅ ዓይኑን ገለጠ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

ቅዳሜ
ሰይድ ቤቱ ገባ። ከመድኃኒቱ የተነሳ ቆዳው ቲማቲም መስሏል፤ እየቆየ ይለቃል። እትዬ ዘሀራ ወተት በጆግ ይዘው መጡ፤ ወተት ጠጣ ማለቴን ሰይድ ነግሯቸዋል፣ ያን ቀን ታሞ በራፌ መምጣቱን ግን አላወቁም። ያንቺ ወተት ባይኖር ሆስፒታልም አይደርስ ነበር እያሉ ትከሻዬን ሳሙኝ። ቅላቱም ደሙ ስለጠራ ነው ይላሉ። ጆጉን ተቀበልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰኞ
በቅብ ቤቱ በር አለፍኩ። መንከሪያው አጠገብ የወተት ላስቲክ ተደርድሯል። አንዷ ሠራተኛ ጭምብሏን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች።
«ወተት ከጀመርን ወዲህ ማን ይታፈናል? አንቺ ነሽ አሉ ሲስተር ያዘዝሽው። እግዜር ይስጥሽ።»
መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፈገግ ብዬላት አለፍኩ። ፈገግ! ሆ/ሉ ውስጥ ሌላ ማርከሻ የለም።

ማክሰኞ፣ ጠዋት
ሰርቪሱ ጡሩምባ እየነፋ ነው። ይሂድ። ቅብ ቤት ነው የምሄደው። ወተቱ እንዳላዳነው እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ግን ለእትዬ ዘሀራ፣ ልጃቸው ታሞ በራፌ ድረስ እንደመጣና ምን ብዬ እንደመለስኩት። ይጣሉኝ፣ ይርገሙኝ። ጆጋቸውን አጥቤያለሁ። በራቸው ተከፈተ፣ ልውጣ።