የታንኳዋ አውጫጭኝ

ጥቅምት 9 ቀን 1974፣ ሰኞ

ከመምህራን ስብሰባ አሁን ገባሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ዳይሬክተራችን ሣህሉ ከበላይ የመጣ ደብዳቤ አነበበልን። ከእንግዲህ ታሪክና ባህል በቃል ብቻ አይሰጥም፤ ልጆች በእጃቸው እየሠሩ ይማሩ። ጥሩ። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት ማስታወሻ ሳስገለብጥ ኖሬ ዛሬ ምን ላሠራ ነው? ድንጋይ ላስፈልፍል?

"ጓድ አምሐ፣ የአምስተኛ ክፍል ልጆችህ አንዳንድ የባህል ዕቃ ሠርተው ያምጡ" አለኝ። እሺ አልሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል...

ጥቅምት 12፣ ሐሙስ

አመጡ። እንስራ የሚመስል ጭቃ፣ ጭቃ የሚመስል እንስራ። ክንዱ የተባለው የቄሱ ልጅ ከመቃ መቋሚያ ሠርቷል። ሣህሉ ገልመጥ ሲያደርጋት "የሽማግሌ ምርኩዝ ናት" አልሁና አሳለፍኋት።

አለበል ግን አፌን አስያዘኝ። ክንድ የምታህል፣ ከሐይቁ ዳር ደንገል የታሰረች ታንኳ! ዘጌ ያሉት አያቱ እያሳዩት በክረምቱ ሦስት ቅዳሜ ፈጅታበታለች። አፍንጫዋ ቀና ያለ፣ እስሯ ጥብቅ። ክፍሉ ሁሉ ሊነካት ተጋፋ፣ "እጅ ወደ ኋላ!" አልሁ። ተረኛዋ አደይ ቁልፍ ተቀብላ ሁሉንም ዕቃ ክፍል አስገባች። አምና መስኮት በኳስ የሰበረችው አደይ። ምላሷም እንደ ኳሷ ነው።

ጥቅምት 16፣ ሰኞ

አይ አምሐ...

ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ በሁለተኛው ቁልፍ ዕቃ ክፍል ገባሁ። እዚያ ሰሌን አለ፤ ጋደም እልበታለሁ። ይህን ልማድ ከዚህ ደብተር በቀር የሚያውቅ የለም። ዛሬ ሰሌኑ ላይ የኢትዮጵያ ካርታ ተዘርግቶ አገኘሁ። ማን ያነሣዋል? እላዩ ላይ ጋደም አልሁ።

ቀጭ!

ካርታውን ገለጥሁ። ታንኳዋ... አቧራ እንዳይነካት አልብሰዋት ኖሯል። ወገቧ ለሁለት። መልሼ ሸፈንኋት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ግራ ቀኝ አይቼ ሹልክ አልሁ። በዚህ ዕድሜዬ።

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ጥቅምት 17፣ ማክሰኞ

አልነገርሁም። ከእኔ ቀድመው አገኟት። አለበል ስብርባሪዋን ታቅፎ ቆሟል፣ አያለቅስም፣ እሱ ባሰብኝ። ክፍሉ በአንድ አፍ "አደይ ናት!" አለ። ቁልፉ እሷ ዘንድ ነበራ። እኔ ሁለተኛ ቁልፍ እንዳለኝ ማን ያስባል?

"እኔ አይደለሁም" አለች ወገቧን ይዛ።

ሣህሉ መጣ። እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ ካላመነች ሁለት ሳምንት ትታገዳለች፣ ስሟም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል አለ። ወደ እኔ ዞረና "አይደለም ወይ፣ ጓድ አምሐ?" ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጉሮሮ መጥረግ መልስ ነው? ሣህሉ መልስ መሰለው።

ጥቅምት 19፣ ሐሙስ

ምሳ ሰዓት ወንበር ላይ አንቀላፋሁ። አንገቴ ተቀጨ። ይበለኝ።

ጥቅምት 20፣ ዓርብ

የአደይ እናት መጡ። ወይዘሮ አገርነሽ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የሚሠሩት። ከፈረቃ በቀጥታ፣ ነጠላቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ።

"የኔታ፣ ልጄ ታስቸግራለች፣ አውቃለሁ። ዋሽታ ግን አታውቅም። ድስት ስትሰብር እንኳ ገሉን ይዛ መጥታ 'እማ፣ ሰበርሁት' ነው የምትለኝ።"

አፌን ከፈትሁ። አሁን ልናገር... አሁን... "እናጣራለን፣ እትዬ" አልሁ። እናጣራለን! ማንን ነው የማጣራው? እጅ ነሥተውኝ ሄዱ። ለእኔ እጅ ተነሣ። ቀኑን ሙሉ ከዚህ በላይ ያሳፈረኝ የለም።

አለበል ከአደይ ጎን ተነሥቶ ሌላ ዴስክ ሄዷል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ነበር የሚቀመጡት።

ጥቅምት 23፣ ሰኞ

የሣህሉ ደብዳቤ ተግባር ይላል። ጭቃም ደንገልም የማይፈጅ ተግባር ፈለግሁና የድሮውን አውጫጭኝ አነሣሁ። አባቶቻችን ጥፋተኛው ሲሰወርባቸው አገሬውን በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበስቡ ነበር። ማንም አይቀርም። የተመረጡ ሽማግሌዎች እያንዳንዱን ለብቻው ጠርተው ይጠይቃሉ። ያየውን በምስጢር የሚነግራቸው ሰው "ወፍ" ይባላል፤ ማንነቱ አይወጣም። ይህን እያስገለበጥሁ ሳለ የአደይ እጅ ወጣ።

"ጋሼ፣ ለምን ለታንኳዋ አውጫጭኝ አንቀመጥም?"

"እንቀመጥ!" ብሎ ክፍሉ ጮኸ። በሠፈሩት ቁና መሠፈር አይቀርም ይላሉ... ቁናውን ደግሞ ራሴ አምጥቼ።

ይከለክልልኛል ብዬ ሣህሉን ክፍል ጠራሁት። "ይህ የፊውዳል ሥርዓት አይደለም ወይ?" አለ። እሰይ! ግን የቄሱ ልጅ ብድግ ብሎ "ሰፊው ሕዝብ ራሱ የሚመረምርበት ነው፣ ጓድ ዳይሬክተር" አላለም? የሣህሉ ፊት በራ። ረቡዕ ይሁን አለ።

ጥቅምት 25፣ ረቡዕ

ሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ሥር ተቀመጥን። ክንዱና ሁለት ልጆች ሽማግሌ ሆነው ተመረጡ። ክንዱ መቋሚያውን ተመርኩዞ፣ ድምፁን አወፍሮ... አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ዛሬ ስልሳ ሞላው። ሃምሳ ሁለቱም ልጆች አሉ፣ ዘበኛው አለ፣ ጽዳቷም አለች። እኔ ዳር ቆሜ ላስተምር ነበር ሐሳቤ።

"ጋሼም አገሬው ናቸው" አለች አደይ።

ገባሁ። አንድ በአንድ ከቁጥቋጦው ጀርባ እየጠሩ ጠየቁ። የተጠየቀ ሰው የተባለውን ለማንም አይናገርም፤ ደንቡ ነው፣ ራሴ ነኝ ያስገለበጥኋቸው። ሁሉም እየተመለሰ ዝም። ተራዬ ደረሰ።

"ያዩት ወይም የሰሙት አለ?"

"የለም" አልሁ። ተማሪዬ ፊት ቆሜ ዋሸሁ።

ክንዱ ራሱን በዝግታ ነቀነቀ። "ይሁን። ወፏ ግን ሁሉን ነግራናለች፣ ጋሼ። የሰበረው ሰው እስከ ዓርብ ጧት ራሱ ቢናገር ይሻለዋል።"

ማን አየኝ? ዘበኛው? በመስኮቱ ስንጥቅ? ምን ያህሉን ነው የነገረቻቸው... ማንኮራፋቴንም?

ጥቅምት 26፣ ሐሙስ

የዘበኛው ሰላምታ ዛሬ ረዘመብኝ። ጽዳቷም ፈገግ አለች። አንዲት ወፍ መስኮቴ ላይ አረፈች። አባረርኋት።

ጥቅምት 27፣ ዓርብ

ተናገርሁ።

ሣህሉ የእገዳውን ደብዳቤ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። አደይ ደብተሯን ከወዲሁ ቦርሳዋ ከትታለች። እሷን ሳይ ወፏም ምኗም ጠፋኝ። ጠመኔውን አስቀመጥሁና "ታንኳዋን የሰበርሁት እኔ ነኝ" አልሁ። "ተኝቼባት።"

ከኋላ አንዱ "ተኝተው?" አለ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሣህሉ "በሥራ ሰዓት ነው?" ይለኛል። ምሳ ሰዓት ነው አልሁት። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ወደ አደይ ዞርሁ። "ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ አንቺ ስትወቀሺ ዝም አልሁ። ይቅር በይኝ።" ልጅ ፊት ይህን ማለት እንዲህ ይከብዳል?

አየችኝ፣ አየችኝና "እኔም መስኮቱን ሰብሬ ነበር፣ ጋሼ። ግን ያን ዕለቱን ተናግሬያለሁ" አለች።

ክንዱ ፍርድ ሰጠ፦ ጋሼ በገዛ እጃቸው ታንኳ ሠርተው ይተኩ። አለበል "ሳይገዙ!" ብሎ ጨመረ።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አገርነሽ ቤት ሄጄ ራሴ ነገርኋቸው። "ደግ አደረጉ" አሉኝ። በር ድረስ ሸኝተውኝ ደግሞ "ዘገዩ እንጂ" አሉ።

ኅዳር 5፣ ቅዳሜ

የአለበል አያት አያ አዘዘ እንጨት ጭነው ከዘጌ መጥተው ነበር። ከገበያ በኋላ ሐይቁ ዳር አስቀምጠው አስተማሩኝ። ደንገሉን ሳጠብቅ ይቀጫል፣ ሳላላ ይበተናል። "መምህር፣ እጅዎ የጠመኔ እጅ ነው" አሉኝ። አለበልና አደይ አጠገብ ለአጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ይስቁብኛል። ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሰርሁ።

ያንገበገበኝን ጠየቅሁ። "እስኪ ንገሩኝ፣ ወፏ ማን ነበረች?"

ተያዩ። "ወፍ የለችም፣ ጋሼ" አለች አደይ።

"ክንዱ ነግራናለች አለኝ እኮ!"

"ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነው ያለው። ለእኔም ብሎኛል።"

"ለሃምሳ ሁለታችሁም?"

"ለዘበኛውም።"

አያ አዘዘ ልጡን በጥርሳቸው እየሳቡ ሳቁ። "በእኛስ ጊዜ ወፏን ያያት ማን አለ?" አሉ።

አሥራ አንድ ዓመት ባስገለበጥሁት ማስታወሻ ውስጥ ይህ የለም። ሰኞ ላስገለብጠው? እነሱ ያውቁታል... ለእኔ ጻፍሁት።

ኅዳር 9፣ ረቡዕ

ታንኳዬ ተመረቀች። ውኃ ላይ አስቀመጥናት፣ ወደ ግራ አዘነበለች፣ ግን አልሰጠመችም። ክንዱ "ሠሪው፦ ተከሳሹ" ብሎ ወረቀት ለጠፈባት። ሣህሉ ለበላይ በሚልከው ሪፖርት "በተግባር የተደገፈ ትምህርት" ብሎ ጽፏታል አሉ።

የዕቃ ክፍሉን ሁለቱንም ቁልፎች የያዘችው አደይ ናት። ክፍሉ በድምፅ ነው የመረጣት፤ እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"አምሐ።"

"ምን ሊያደርጉ፣ ጋሼ?"

"ካርታ ልወስድ።"

ከፈተች። ሰሌኑ ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ላይ ወጥቷል። ካርታውን አነሣች፣ ከሥሩ አየች፣ ገለባበጠችው፣ ሰጠችኝ። እስክወጣ ድረስ በሩን ይዛ ጠበቀችኝ።

ካርታ አላስፈለገኝም ነበር። እንቅልፌ ነበር የመጣው።