ክብሪት ያልያዘው የስፖንጅ ብናኝ

ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዋርካ ሜዳ ወረዳ የአየርና የአካባቢ ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዳማ

ጉዳዩ፦ ከአጥሬ ማዶ የሚፈጨው ስፖንጅ ዳግም፣ በዚህ ጊዜ ያለ ክብሪት፣ እንዲመረመር ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች በወረዳው ሃያ ስድስት ዓመት የኖርሁ፣ ከስኳር ፋብሪካ ላቦራቶሪ በጡረታ የተገለልሁ ነኝ። ጎረቤቴ አቶ ታጠቅ አሮጌ የከባድ መኪና ወንበሮችን እየፈቱ ስፖንጁን በወፍጮ ሞተር ይፈጫሉ፤ ለትራስና ለወንበር መሙያም ይሸጡታል። ትጉህ ሰው ናቸው፤ እሑድ እንኳ አያርፉም። የአዳማ ነፋስም አያርፍም፤ ቢጫውን ብናኝ እቤቴ ድረስ ያመጣልኛል።

2. በመስከረም ባመለከትሁት መሠረት ባለሙያዎ አቶ ኪዳነወልድ መጥተው ነበር። እንደሚመጡ ለአቶ ታጠቅ በስልክ ቀድመው ስለነገሯቸው ሞተሩ ቆሞ፣ ግቢው ተጠርጎ፣ ውሃ ተረጭቶበት ጠበቃቸው። ባለሙያው ከስፖንጁ ቆርሰው ክብሪት ጫሩበት። አልያዘም። ደግመው ጫሩ። አልያዘም። “አባቴ፣ እሳት የለም፣ ጭስ የለም፤ ታዲያ ብክለቱ ከየት ይመጣል?” አሉኝ። በሪፖርታቸውም “የማይቀጣጠል በመሆኑ ለአየር አያሰጋም” ብለው ፈረሙ።

3. እኔን ያሳሰበኝ ግን አለመንደዱ ነው። ስፖንጅ በተፈጥሮው ክብሪት ሲያይ የሚቸኩል ነገር ነው። ይህ ያልነደደው እሳት እንዳይዘው ኬሚካል ስለተጨመረበት ነው፤ ስፖንጁ ሲፈጭም ኬሚካሉ ከብናኙ ጋር ወጥቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ወለል ላይ ያርፋል። ይህን ለባለሙያው ማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ባለቤቴ ሽታዬ ግን በአጭሩ “በረኪናም አይነድም፤ ይጠጡታ!” አለቻቸው። ስለ አነጋገሯ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስለ ሐሳቡ አልጠይቅም።

4. አቶ ታጠቅ ሪፖርቱን በላስቲክ አስለብጠው በራቸው ላይ ሰቅለውታል። ከሥሩ “እሳት የማይደፍረው ስፖንጅ፣ በመንግሥት የተረጋገጠ” ብለው ጽፈዋል። ገበያቸው ደርቷል። ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ ደጅ ስጠና የተቀመጥሁበት አዲስ ወንበር ስፌቱ ለቆ ሱሪዬን ቢጫ አደረገው። ማን እንደሞላው ብጠይቅ ጸሐፊዎ ወይዘሮ ዙለይካ “አቶ ታጠቅ ናቸው ጋሼ፤ ማረጋገጫ አላቸው እኮ!” አሉኝ።

5. የልጅ ልጄ ኦብሴ ዘጠኝ ወሯ ነው፤ መዳህ ጀምራለች። ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትወስዳለች። ወለሉን ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ብንወለውለው ከሰዓት በኋላ ጨርቁ እንደገና ቢጫ ነው። ስለዚህ አልጋ ላይ እናስቀምጣታለን፤ ወለሉን እያየች ታለቅሳለች።

በመሆኑም፦

ሀ) ሞተሩ እየሠራ፣ ስልክ ሳይደወል፣ ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ እንዲመረመር፤
ለ) ውጤቱ እስኪታወቅ መፍጨቱ እንዲቆም፣ ሪፖርቱም ከአቶ ታጠቅ በር እንዲወርድ፤
ሐ) ለእርስዎም ጤና ስል፣ የቢሮዎ ወንበሮች አብረው እንዲመረመሩ

በትሕትና አመለክታለሁ።

ከመስኮቴ የጠረግሁትን የአንድ ሳምንት ብናኝ በታሸገ ብልቃጥ አያይዣለሁ። በክብሪት አይድከሙበት፤ ሞክሬዋለሁ። መልስ በሦስት ወር እንደሚደርሰኝ ተነግሮኛል። ለእኔ ሦስት ወር ምንም አይደለም። ኦብሴ ግን እስከዚያ ቆማ ትሄዳለች፤ መዳህ ያመልጣታል። ሳያመልጣት ወለሏን ይመልሱላት።

ውሳኔዎን ቢሮዎ በር ላይ፣ ወንበር ሳይቀርብልኝ፣ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሰንበታ ምልኬሳ