ለማይክራፎን ንስሐ አልገባም

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለሰይፈሥላሴ፤ ደምበጫ።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሳብህ ሳልህ ዘንድሮ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ገነትስ ደኅና ናት? ልጆቹስ? አዝመራውስ? ጎረቤቱ፣ አበልጁ፣ የማኅበሩ ሰው ሁሉ እንዴት ነው? አገሩስ ሰላም ውሎ ሰላም ያድራል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ወገቤ ያጉረመርማል እንጂ አልጣለኝም። እንኳን ለጾመ ፍልሰታ አደረሰህ። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ስለሚጠፋ፣ ሲሠራም ሃሎ ሃሎ ስንባባል ስለሚያልቅ፣ ይህን ወረቀት ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጥቼልሃለሁ። በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ካልሆነ ለምን ነው? ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታግሠህ አንብበው እንጂ እንዳትስቅብኝ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ልጄ ስለ ቤተልሄም ነው። ለክርስትናዋ መጥተህ ያቀፍካት ሕፃን አሁን ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቷት ቤቴል ቤት ተከራይታ ትኖራለች። አካባቢ ጥበቃ ላይ የሚሠራ ድርጅት ቀጥሯታል። ሥራ ማግኘቷ እሰየው ነው። ነገር ግን ሥራው ሥራ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ሃይማኖት ሆነ። ለማሾፍ ብዬ የምጽፍ እንዳይመስልህ፤ ሃይማኖት ምን እንደሚመስል አላጣውም። ኃጢአት አለው፤ ኃጢአቱ ጭስ ነው። ጾም አለው፤ ልጄ በፋሲካ እንኳ ሥጋ አትቀምስም፤ ከብት ሲያገሳ የሚወጣው አየር ዓለምን ያሞቃል ትላለች። እንግዲህ አንተ በረትህ ውስጥ ስንት ኃጢአተኛ እንዳሰርክ ቁጠር። የዓለም መጨረሻም አለው፣ ያውም ዓመቱ ተቆርጦ። የኛ ቄሶች እንኳ ያን ቀን የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው ይላሉ። ሰባኪም አለው፤ ሰባኪዎቹ ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን መጥተው፣ ስለ ጭስ ሰብከው፣ በአውሮፕላን ይመለሳሉ።

ከጎኔ ድንችና ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤቴ ዙቤዳ ይህን ስነግራት፣ አጸደ፣ እኛ ጾመን እናፈጥራለን፣ እናንተም ጾማችሁ ትፈስካላችሁ፤ የልጅሽ ጾም መፍቻው መቼ ነው? አለችኝ።

እኔማ አላምንም፤ ካንተ ምን እደብቃለሁ። በስድሳ ስድስትም በሰባ ሰባትም ዝናብ ጠፍቶ የወሎ ሰው ሲፈልስ በዓይናችን አይተናል። ያኔስ በማን ከሰል ነው ዝናቡ የጠፋው? ብዬ ብጠይቃት፣ እማዬ ይሄ እኮ ሳይንስ ነው ብላ ተቆጣችኝ። ሳይንስ ከሆነ ቁጣውን ምን አመጣው? የተማረ ሰው ያስረዳል እንጂ አይገዝትም። ዛፍ መጨፍጨፍ ደግ ነው አላልኩም። ራቁቱን የቀረ ተራራ አፈሩን ጎርፍ ሲወስደው አንተም እኔም አይተን ነው ያደግነው። ይህን ለማወቅ ግን ሰማይ ሊደፋብን ነው እያሉ ሰው ማስበርገግ አያስፈልግም።

ከሁሉም ያቆሰለኝ የከሰሉ ነገር ነው። ባሌ ትቶኝ የሄደ ጊዜ ኮልፌ መደብ ይዤ ከሰል መቸርቸር እንደጀመርኩ ታውቃለህ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሞላኝ። ጥፍሬ ውስጥ የገባው ጥቁር በሎሚም በአመድም አልለቅ ብሏል። ቤተልሄም የበላችውም፣ የለበሰችውም፣ ዩኒቨርሲቲ የገባችውም ከዚያ ጆንያ ነው። አሁን ግን በመጣች ቁጥር ከጆንያው ራቅ ብላ ትቆምና፣ እማዬ ይሄን ነገር መቼ ነው የምትተዪው? ትለኛለች።

ነገሩ ቢከነክነኝ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ፣ አባ፣ ከሰል መሸጥ ኃጢአት ነው እንዴ? አልኳቸው። እሳቸውም፣ አንቺ ሴትዮ፣ ዕጣን ለምናጥንበት ጽና የምንወስደው ከሰል ከማን መደብ ነው? ኃጢአት ከሆነ ሁለታችንም አለንበት። ይልቅስ ሰው ማማትሽን ተዪ ብለው አባረሩኝ።

እንዲህ ስንነታረክ ከርመን፣ በሐምሌ አጋማሽ ምላሷን ማር አድርጋ መጣች። እማዬ፣ ቤቴል አጠገብ ችግኝ ተከላ አለን፤ አንቺ ሁለት ደቂቃ ትናገሪያለሽ፤ የምትዪው ተጽፏል አለችና ወረቀት ሰጠችኝ። ድሮ ቢሆን አንብቢልኝ እላት ነበር። መነጽሬን አድርጌ፣ እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጬ፣ ፊደል በፊደል አነበብኩት። እኔ ወይዘሮ አጸደ ባለማወቅ ደን ሳስጨፈጭፍ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን በድርጅቱ ትምህርት ዓይኔ በርቶ ከሰል መሸጥ ትቻለሁ፣ በሠራሁትም ተጸጽቻለሁ ይላል። ከላዩ ደግሞ፣ ንግግር በተጠቃሚ የሚል አለበት።

ተጠቃሚ ማለት ምን ማለት ነው? አልኳት። ከድርጅቱ ድጋፍ የሚያገኝ ሰው ነው አለች። እናቴ ናት ብለሽ ነግረሻቸዋል? ብላት ስልኳን መነካካት ጀመረች። ወጥሬ ስይዛት ነገሩ ወጣ፤ ለካስ አለቃዋ አቶ ታዲዮስ፣ እናትሽ ምን ትሠራለች ሲላት፣ ነጋዴ ናት ብላ አልፋዋለች። የከሰል ሻጭ ልጅ ሆና ስለ ጭስ መስበክ አፍራለች።

ደሜ ፈላ። ንስሐ ለንስሐ አባት እንጂ ለማይክራፎን አይገባም አልኳት። እሷም፣ እማዬ ስምሽ ፕሮግራሙ ላይ ታትሟል፣ እንግዶቹም ተጠርተዋል፣ እባክሽ አታዋርጂኝ ብላ እንባዋ መጣ። ዙቤዳም፣ ልጅሽ አይደለች እንዴ፣ ያሉሽን ብለሽ ነይ አለችኝ። ብናገር ሠላሳ ዓመቴን መካዴ ነው፤ ባልናገር አንድ ልጄን በሰው ፊት ማዋረዴ ነው። እመጣለሁ አልኳት፤ እናገራለሁ ግን አላልኩም።

በተከላው ቀን ከአየር ጤና በታክሲ ሄድኩ። ድንኳን ተተክሏል። ጄኔሬተሩ እየጮኸ ይጨሳል፤ እሱን ግን ማንም በኃጢአት አልቆጠረውም። እስከ ጉልበቴ የሚወርድ አረንጓዴ ካናቴራ አለበሱኝ። መጀመሪያ ተከላው ሆነ። እንግዳው ሁሉ ችግኙን ይዞ ፎቶ ይነሳል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ይከተዋል፣ አፈር ይመልስበትና ጫማውን እያራገፈ ወደ ድንኳኑ ይሮጣል። ጠጋ ብዬ ባይ ከነላስቲኩ ነው! የመጀመሪያው አላወቀም ብዬ ወደ ሁለተኛው ሄድኩ፤ እሱም ከነላስቲኩ ነው። መስመሩን ሙሉ ሄጄ አየሁት። በደርግ ጊዜ ተራራው ላይ ስንተክል፣ ላስቲኩን ሳትቀድዱ ከተከላችሁ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል እያለ የልማት ሠራተኛው እንዴት ይጮህብን እንደነበር ታስታውሳለህ። እነዚህ ስለ ዛፍ ሲሰብኩ የሚውሉ ሰዎች ዛፍ ተክለው አያውቁም፤ ልጄም ጭምር።

ከዚያ ስሜ ተጠራ። ማይክራፎኑን ያዝኩ። ቤተልሄም ከፊት ተቀምጣ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ወረቀቱን አጥፌ ጉያዬ ከተትኩና እንዲህ አልኩ፦ እኔ አጸደ እባላለሁ፣ ከሰል ሻጭ ነኝ፣ ነገም እሸጣለሁ። ንስሐዬን ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ፤ ለናንተ የምናገረው ሌላ ነው። ችግኛችሁን በሙሉ ከነላስቲኩ ቀብራችሁታል። ለኅዳር ብትመጡ የምታገኙት ደረቅ እንጨት ነው። ደረቅ እንጨት ለኔ ገበያዬ ነው፣ ምን ቸገረኝ! ግን ያሳዝናል፤ ተነሱና አውጥተን እንደገና እንትከለው።

ድንኳኑ ውስጥ መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። አቶ ታዲዮስ ግን ፊቱ በርበሬ መሰለ። ወደ ቤተልሄም ጎንበስ ብሎ፣ ማናት ይቺ ሴትዮ? ሲላት የያዝኩት ማይክራፎን ቅርብ ስለነበር ሁላችንም ሰማነው። ወንድሜ፣ ያኔ ተጠቃሚ ናት ብትል ኖሮ ካናቴራውን እዚያው ጥዬ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደጄን ትርገጥ አትርገጥ እንጃ። ተነሳች። እናቴ ናት አለች። ቀጥላም፣ ከሰል ሸጣ ነው ያስተማረችኝ አለች።

ከዚያማ ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ ገባችና፣ እማዬ ላስቲኩ እንዴት ነው የሚቀደደው? አለችኝ። አፈሩ እንዳይፈርስ ከሥር ደግፈሽ ከጎን ቅደጂው ብዬ አሳየኋት። እንግዳውም ተከተለን። አቶ ታዲዮስ እንኳ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ፤ ሁለት ችግኝ ሰበረ እንጂ ሠራ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ ተስማምተናል ብልህ ውሸት ነው። እሷ ከሃይማኖቷ አልወጣችም፣ እኔም አላመንኩም። ነገር ግን ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ወደ መደቤ መጥታ፣ ጆንያው ላይ ቁጭ ብላ ስትጨቃጨቀኝ ዋለች። ደስ አለኝ። ጠባችን የእናትና የልጅ ጠብ ሆነልኝ።

በጭቅጭቁ መሐል፣ የሰኔ ዝናብ ዱሮ በሚገባበት ቀን መግባት ትቷል አለችኝ። እኔም አጎትሽን እጠይቀዋለሁ፣ እሱ አበል ስለማይከፈለው አይዋሽም አልኳት። ስለዚህ እውነቱን ጻፍልኝ። ዘግይቷል ካልክ ዘግይቷል ብሏል ብዬ እነግራታለሁ። አፌን ደስ አይለውም፤ ግን እነግራታለሁ።

ገነትን በጣም አድርገህ ሳምልኝ። በኩር ልጅህን ማራኪን፣ አክስትሽ ትምህርትሽን እንዳትተዪ ትላለች በላት። ትንሹን በዛብህን ግንባሩን ሳምልኝ። የገነትን እናት እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ዙቤዳም ሳታይህ ሰላም ብላሃለች።

እህትህ አጸደ፣
የቤተልሄም እናት።

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.