ኤቫንቲያ ያልኩበት ምክንያት

ሐምሌ 3
ከአትላንታ አበሻ ሁሉ ግሪክኛ አቀላጥፎ የሚናገር እኔ ዘገዬ ብቻ ነኝ። እሺ… አቀላጥፎ የሚለው ይቅር። ሰላምታ እችላለሁ፣ «ድስቱን እጠብ» እችላለሁ፣ ሦስት ስድብ እችላለሁ። አቴንስ ሁለት ዓመት ስደተኛ ሆኜ፣ ምግብ ቤት ድስት ሳጥብ የሰማሁት ይኸው ነው። ግን ሌላው አበሻ እሱንም አይችልም። ስለዚህ አልዋሸሁም።

የማታ ትምህርቱን ትናንት ጨረስኩ። ቻምብሊ፣ ከባቡር ጣቢያው አለፍ ብሎ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ። በስልሳ አራት ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ። አስተማሪያችን ሄርሜላ ቀን ቀን ነርስ ናት። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፣ ግን «መምህርት» ነው የምላት።
«አቶ ዘገዬ፣ ፊደሉ እንዳይጠፋብዎ ዝም ብለው ይጻፉ» አለችኝ።
«ምን ልጻፍ?»
«የሆነውን።»
«የሆነውን ብቻ?»
ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ይኸው ጻፍኩ። ጣቴን አመመኝ።

ሐምሌ 5
ስኔልቪል ሄድኩ፣ ልጄ ሶስና ቤት። የልጅ ልጄን አቀፍኳት። ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ኤቫንቲያ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍኩት። ይቺ «ቫ» የምትባለው ፊደል መጨረሻ ላይ ነው የምትመጣው። የገዛ ልጅ ልጄን ስም ለመጻፍ ገበታውን ሁሉ መጨረስ ነበረብኝ።

የሶስና ባል ሕሩይ ስልኩን ይዞ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አንቱ ይለኛል።
«ጋሼ፣ ስሟን ቼክ አደረግኩት። እርስዎ እንዳሉት ነው። አሜሪካ ውስጥ በብዛት ከሚወጡት አንድ ሺህ ስሞች ውስጥ የለችም!»
«አላልኩህም? ብቻዋን ናት።»
«ግን ትርጉሙ… ንግሥት አይልም። ‹ኤቭ› መልካም ማለት ነው፣ ‹አንቶስ› አበባ። መልካም አበባ፣ ያማረች አበባ ነው የሚለው።»

ያዘኝ። ንግሥት ማለት ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ። ትርጉሙን መቼ አወቅኩና?
«ንግሥትም አበባም ነው» አልኩት። «ግሪክ ቆጣቢ ነው፣ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይሠራል።»
ሕሩይ ከት ብሎ ሳቀ። ሶስና ግን ልጅቷን እያየች፣ «እማዬ አበባ ልትላት ፈልጋ ነበር ማለት ነው» አለች። ቀስ ብላ።
ምሳ ሳልበላ ወጣሁ።

ሐምሌ 6
የሆነውን ጻፍ ተብያለሁ… እሺ፣ ልጻፍ።

ሶስና ልጅቷን ደጊቱ ልትላት ነበር የፈለገችው። ደጊቱ እናቷ ናት። ባለቤቴ። አምና ነው የሞተችው። ስም የማውጣቱ ክብር ላንተ ነው ብለውኝ ነበርና «አይሆንም» አልኩ። «የአሮጊት ስም ነው፣ እዚህ ትምህርት ቤት ይስቁባታል» አልኩ። ሶስና አልሰማ አለች። ያን ጊዜ ነው ከአፌ ያመለጠው።

«እናትሽ ናት እኮ ያለችው! ሆስፒታል ሳለች፣ መጨረሻ ላይ፣ ‹ሶስና ሴት ከወለደች ኤቫንቲያ በሏት› ብላኛለች።»

ከየት መጣልኝ? አንድ ኤቫንቲያ ብቻ ነው የማውቀው። አቴንስ፣ ድስት የማጥብበት ምግብ ቤት ባለቤት እናት። ጥርሷ ሁለት፣ ምላሷ መቶ። ከደጊቱ ጋር የተዋወቅነው እዚያው ስደት ላይ ነው፣ አሮጊቷ ከልጇ ደብቃ ዳቦ ትሰጠን ነበር። ደጊቱ ትወዳት ነበር፣ ይኼ እውነት ነው። ስሟን ለልጅ ልጄ ስጡልኝ ማለቷ ግን… አላለችም።

ደጊቱ የሞተች ቀን ሶስና ከማሪዬታ ስትመጣ ሀይዌይ ላይ ትራፊክ ያዛት። አልደረሰችም። «አንድ ቃል ሳትተውልኝ ሄደች» እያለች ስታለቅስ ከረመች። እኔ ቃል ፈጥሬ ሰጠኋት። እንዴት አድርጋ እንዳቀፈችኝ! በሕይወቴ ያወራሁት ወሬ እንዲህ ተወዶልኝ አያውቅም።

እኔስ የት ነበርኩ? ሆስፒታል ነበርኩ።
ሆስፒታሉ ውስጥ… አዎ።

ሐምሌ 10
ሥራ ዋልኩ። አንድም ቀልድ አልወጣኝም። ፓርኪንጉ ላይ አብሮኝ የሚሠራው ተገኝ «አሞሃል እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ምንህን አላለኝም። ደግ አደረገ።

ሐምሌ 12
ክርስትናው ሐምሌ 26 ነው፣ ጾሙ ሳይገባ። ሶስና ጣፋጩ ከግሪክ ቤት ይሁን አለች፣ ለስሟ ክብር። ማሪዬታ ላከችኝ።

ገና በሩ ላይ «ካሊሜራ!» አልኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ነው፣ ደስ አለው፣ በግሪክኛ ያወርደው ጀመር። ምንም አልገባኝም። ራሴን ነቀነቅኩ። ሦስቱን ስድብ ልሞክር? ይቅር። ወደ እንግሊዝኛ ዞርን።

ደረቴን ነፍቼ የልጅ ልጄ ስም ኤቫንቲያ ነው አልኩት። አንድ ሺህ ውስጥ የለችም አልኩት።
ሳቀ። «ኤቫንቲያ? ለሕፃን? ኤቫንቲያ አክስቴ ናት፣ ዘጠና ሊሞላት ነው። የአሮጊት ስም ነው እኮ!»

የአሮጊት ስም።

ቀጠለ ደግሞ። «ግን ገባኝ፣ እንደ እኛ አድርጋችሁ ነው። በእኛ ልማድ ልጅ የአያቷን ስም ትወርሳለች። ስሙ ከቤት እንዳይጠፋ። ባለቤትህ ኤቫንቲያ ነበረች ማለት ነው?»
«አዎ» አልኩት።

አዎ! ማን አስገደደኝ? ምን አገኝበት ብዬ? ሰውየው አማተበ፣ «ነፍሷን ይማር» አለ። አንድ ሳጥን ባቅላቫ ጨመረልኝ፣ ለእሷ ብሎ።

መኪና ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ፣ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ። ነፍስ ይማር የተባለላት ማን ናት? ደጊቱ አይደለችም። የሚስቴን ስም የአሮጊት ነው ብዬ ጥዬ፣ የሌላ አሮጊት ስም ባሕር አሻግሬ አመጣሁ።

ሐምሌ 17
ሶስና ደወለች።
«አባዬ፣ ሊስን። ክርስትናው ላይ ማይክ ይዤ ልናገር ነው።»
«ምን ብለሽ?»
«እማዬ ያለችውን ነዋ! ኤግዛክትሊ እንዳለችው። እስቲ ንገረኝ እንደገና። ቀና ብላ ነው? ተኝታ? ስሜን ጠራች?»
«ያው… ኤቫንቲያ በሏት…»
«እሱንማ ነግረኸኛል። ከሱ በፊትስ? ‹ሶስናዬ› አለች? እንደዚያ ነበር እኮ የምትለኝ።»
«መኪና እየነዳሁ ነው፣ በኋላ» አልኳት።
ሶፋ ላይ ነበርኩ። ጫማም አላደረግኩ።

ሐምሌ 20
ልነግራት ሄድኩ። «ሶስና፣ አንድ ነገር ነበር…» ስል ልጅቷ አስነጠሰች። «ስሙልኝ፣ በግሪክኛ አስነጠሰች!» አልኩ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ስለ ድንኳኑ ተነሣ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ምግቡ። ወጥቼ ሄድኩ።

ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ነው። ሰው ሲስቅልኝ እኔ በጓሮ በር ወጥቻለሁ።

ሐምሌ 24
ነገርኳት።

ሕሩይ ሥራ ነበር። እኔና ሶስና በረንዳው ላይ። ልጅቷ እቅፏ ውስጥ ተኝታ። ቀልድ ሳይመጣብኝ ቶሎ አልኩት።
«እናትሽ ኤቫንቲያ በሏት አላለችም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»
«ዌት… ምን?»
«ፈጠርኩት፣ ሶስና።»
«እና ምን አለች?»
«አላውቅም።»
«አላውቅም ማለት? አባዬ፣ እዚያ ነበርክ እኮ!»
«ክፍሏ ውስጥ አልነበርኩም። ታች ነበርኩ፣ መግቢያው ላይ፣ ከጥበቃው ጋር። እያሳቅኩት። ውኃ ላመጣላት ነበር የወረድኩት… ሰውየው ሲስቅልኝ ጊዜ ቆየሁ። ስመለስ ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ውኃው እጄ ላይ ነው።»

እኔም መናገር ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ጨረስኩት። ደጊቱ አትበያት ያልኩሽ ለትምህርት ቤቱ አይደለም አልኳት። ያን ስም በየቀኑ መጥራት ፈርቼ ነው። በጠራሁት ቁጥር ያቺ ነርስ በሩ ላይ ልትቆምብኝ ነው።

ልጅቷን እቅፏ ውስጥ አስተካከለቻት። ከዚያ፦
«ምን ብለኸው ነው ያሳቅከው?»
«ማንን?»
«ጥበቃውን። ቀልዱን ንገረኝ።»
«ተይው አሁን…»
«ንገረኝ አልኩህ።»

ነገርኳት። አትላንታ እንደመጣሁ ማንበብ አልችልም፣ ሰፈሬ እንዳይጠፋኝ መታጠፊያችን ላይ ያለውን የቀይ ሰሌዳ ጽሕፈት ቅርጹን በቃሌ ያዝኩ። መኪና ሁሉ ቁም የሚባልበት ሰሌዳ መሆኑን ማን ይንገረኝ? ከዚያ ወዲያ አትላንታ በሙሉ ሰፈሬ ሆነ። በየመታጠፊያው «ደረስን፣ አውርደኝ!» እላለሁ።

«እማዬ ይሄን ቀልድ አትወደውም ነበር» አለች።
«አትወደውም። ሰው ይንቅሃል ትለኝ ነበር።»

ከዚያ ሶስና ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ከልቧ ሳቀች። ቀለለኝ።

ሐምሌ 26
ክርስትና። ቄሱ ወለተ ዮሴፍ አሏት። ስኔልቪል ተመልሰን፣ ሰው በልቶ ሲያበቃ፣ ሶስና ማይኩን ያዘች። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ልጄ በወረቀት ኤቫንቲያ ናት» አለች። «መልካም አበባ ማለት ነው። እናቴና አባቴ በስደት ሲራቡ ዳቦ የሰጠቻቸው ሴት ስም ነው። ቤት ውስጥ ግን ደጊቱ ናት። እናንተም ቤተሰብ ናችሁ፣ ደጊቱ በሏት።»

እልልታው ቀለጠ። ስለ መጨረሻ ቃል አላነሣችም። ወደ እኔም አላየችም።

ገና ሦስት ወር ያልሞላት ልጅ ሦስት ስም አላት፣ እኔ የራሴን አንዱን ለመጻፍ ስልሳ ዓመት ፈጀብኝ… ይቺ ቀልድ እዚያው መጥታልኝ ነበር። ለማንም አላወራኋትም።

ሐምሌ 28
ማሪዬታ ሄድኩ፣ ግሪኩ ጋ። ምንም ልገዛ አይደለም።
«ባለቤቴ ኤቫንቲያ አልነበረችም» አልኩት። «ደጊቱ ነው ስሟ።»
ለምን እንደዋሸሁት አልጠየቀኝም። «ዴ… ጊ… ቱ» አለ። ደገመው። ሦስተኛው ላይ ደህና አድርጎ አወጣው። እንደገና አማተበ፣ ነፍሷን ይማር አለ። አሜን አልኩ። አሁን ለእሷ ሆነ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የሆነውን ብቻ ተብዬ የለ? ሐምሌ 24 ላይ ሳቀች ብዬ ጽፌያለሁ። አልሳቀችም። እንዲቀለኝ ብዬ እኔ ነኝ የጨመርኩት።

«ሰው ይንቅሃል ትለኝ ነበር» ስላት ፊቷን አዞረች። ከዚያ ተነሣችና ልጅቷን እጄ ላይ አደረገቻት። «ያዛት» አለችኝ። ጥላኝ ወደ ውስጥ ገባች። ቆየች፣ በጣም ቆየች። ክንዴ ደነዘዘ። ከወንበሩ አልተነሣሁም። ልጅቷ ነቃች፣ አየችኝ።

ደጊቱ አልኳት።